የክሬሸር አቧራ፣ ርካሽ ሴንሰር እና ኳስ ያልሆነ ብናኝ፦ ከኮምቦልቻ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ስለ ጉዳዩ

አንዲት የማስተርስ ተማሪ ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ክሬሸር አቧራ ትለካ ነበር። እኔ ደሴ ሆኜ በሲሙሌሽኑ በኩል አግዛት ነበር። የተማሪዋም፣ የክሬሸሩም፣ የሴንሰሩም ስም እዚህ አይጠቀስም። ጉዳዩን የጻፍኩት የብርሃን ብተና ሶፍትዌር፣ ማለትም ብናኝ ላይ ያረፈ ብርሃን ወደ የት እንደሚበተን የሚያሰላ ፕሮግራም፣ ምን እንደሚመልስ፣ የት ላይ ደግሞ እጁን እንደሚሰጥ በደንብ ስለሚያሳይ ነው።

መነሻው

ኮምቦልቻ ግንባታ አያቆምም፤ ስለዚህ ጠጠር ሁሌም ተፈላጊ ነው። ድንጋዩ የአካባቢው ጥቁር ባዛልት ነው። ክሬሸሩ ይሰብረዋል፣ በወንፊት ይለየዋል፣ ገልባጭ መኪና ይጭነዋል። አቧራው ግን ከጠጠሩ ቀድሞ አስፋልት ላይ ይደርሳል።

የተማሪዋ ጥያቄ ቀላል ነበር፦ እዚያ የሚውል ሠራተኛ ምን ያህል አቧራ ይተነፍሳል? ይህን ለማወቅ የሚታመነው ዘዴ የፊልተር ሚዛን ነው። ፓምፕ አየር ይስባል፣ አቧራው ፊልተር ላይ ይቀራል፣ ፊልተሩ በፊትና በኋላ ይመዘናል። ዘዴው ውድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለፍተው የሚያገኙትም አንድ ቁጥር ነው። ስለዚህ ተማሪዋ ትንንሽ የሌዘር ሴንሰሮችን አስመጣች። ፓምፑን ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ተውሳ ከሴንሰሮቹ ጎን ተከለችው።

ሁለቱ አልተስማሙም። ሴንሰሩ የሚሰጠው ቁጥር ፊልተሩ ከሚለው በጣም ያንስ ነበር፤ ፒኤም 10 በሚባለው፣ እስከ 10 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር መቶኛ) ያለውን ብናኝ በሚያጠቃልለው ላይ ደግሞ ይብስ ነበር። አማካሪዋ ቅርጹን ጠረጠሩ። የሴንሰሩ ቀመር ብናኙን እንደ ኳስ ያያል፤ የተፈጨ ድንጋይ ግን ስለታም ስባሪ ነው። «የቅርጹን ልዩነት አስልተሽ ማስተካከያ ቁጥር አውጪለት» አሏት። ወደ እኔ የመጣችውም ያኔ ነው።

ሴንሰሩ ምን ያያል?

ውስጡ ቀላል ነው። ትንሽ ማራገቢያ አየር ይስባል። አየሩ በቀይ ሌዘር ፊት ያልፋል። ብናኝ ጨረሩን ሲያቋርጥ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትናል። በጎን በኩል፣ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ የተቀመጠ ፎቶዳዮድ (ብርሃን የሚለካ ትንሽ ዕቃ) ከተበተነው ጥቂቱን ይለቅማል። መሣሪያው ክብደት አይመዝንም። ብልጭታ ነው የሚያየው። ብልጭታውን ወደ ማይክሮግራም የሚቀይረው ፋብሪካ ላይ የተሞላለት ቀመር ነው፤ ቀመሩ ሲስተካከል ደግሞ የኮምቦልቻ ባዛልት አልቀረበለትም።

እንግዲህ ቅርጽ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው በአንድ ጥያቄ ይለያል። እኩል መጠን ያላቸው ኳስና ስባሪ ወደ ጎን የሚልኩት ብርሃን ምን ያህል ይለያያል?

የመሣሪያ ምርጫ

ለኳስ መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ እ.ኤ.አ. በ1908 ሙሉ መፍትሔውን አሳተመ። ዛሬ ማንኛውም ላፕቶፕ በሰከንድ ውስጥ ይሠራዋል። ጣጣው የሚመጣው ከኳስ ስንወጣ ነው።

አንዱ መንገድ ቲ-ማትሪክስ ነው። ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው ነው፤ ሚሽቼንኮ የጻፈው የፎርትራን ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። የእንቁላልና የሲሊንደር ዓይነት፣ በዘንጉ ዙሪያ ቢሽከረከር መልኩ የማይለወጥ ቅርጽ ላይ በጣም ፈጣን ነው። የድንጋይ ስባሪ ግን እንዲህ ያለ ዘንግ የለውም።

ሌላው ዲዲኤ የሚባለው ዘዴ ነው። ፐርሴልና ፔኒፓከር እ.ኤ.አ. በ1973 በከዋክብት መካከል ላለው አቧራ ብለው ያመጡት ነው። ብናኙ በትንንሽ ኩቦች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ኩብ እንደ አንድ ዳይፖል ይቆጠራል፤ ብርሃን ሲያገኘው መልሶ ብርሃን እንደሚልክ ትንሽ አንቴና ማለት ነው። ዳይፖሉ ከውጭ የመጣውን ብርሃን ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ ዳይፖሎች ሁሉ የሚልኩበትንም ይሰማል። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ እርስ በርስ መደማመጥ እንደ አንድ ትልቅ የእኩልታ ስብስብ ይፈታዋል። ቅርጹ የፈለገውን ቢሆን ግድ የለውም፤ ኩቦቹ የት የት እንዳሉ ይነገረው እንጂ።

ለዚህ ዘዴ የታወቁ ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። የድሬንና የፍላታው ዲዲስካት በፎርትራን የተጻፈ ነው። ኤዲዲኤ ደግሞ አምስተርዳም ላይ የተጀመረ፣ ዩርኪንና ሆክስትራ ያሳደጉት፣ በሲ የተጻፈ ነው። እኛ ኤዲዲኤን ያዝን። የአንድን ብናኝ ስሌት ለብዙ ፕሮሰሰር ማከፋፈል ይችላል፤ መመሪያው ደግሞ ለጀማሪ ይነበባል።

6.283185307

ተማሪዋ በራሷ ሞክራ የላከችልኝ የመጀመሪያ ውጤት አስገራሚ ነበር። የ2.5 ማይክሮሜትር ኳስና ተመሳሳይ መጠን ያለው ስባሪ የብተና መስመራቸው፣ ማለትም በየማዕዘኑ የሚበተነውን ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ፣ ተደራርቦ ቁጭ ብሏል። «መምህር፣ ቅርጽ ምንም ለውጥ የለውም ማለት ነው?» ብላ ጻፈችልኝ።

መስመሩን ሳየው ደስ አላለኝም። በጣም ለስላሳ፣ በጣም ረጋ ያለ ነበር። በቀይ ብርሃን ፊት የቆመ የ2.5 ማይክሮሜትር ብናኝ አብዛኛውን ብርሃን ወደፊት ነው የሚገፋው። ወደፊት የሚሄደው ወደ ጎን ከሚሄደው በመቶዎች እጥፍ መብለጥ አለበት። እዚህ ግን ያ ሹል ጫፍ የለም። ስሌቱ ደግሞ ኢንተር ከመጫኑ አልቋል።

ሎግ ፋይሉን፣ ፕሮግራሙ የሠራበትን ቁጥር ሁሉ የሚመዘግብበትን፣ ክፈቺው አልኳት። የሞገድ ርዝመት በሚለው መስመር ላይ 6.283185307 ተጽፏል። ሁለት ጊዜ ፓይ ማለት ነው። ተጠቃሚው የሞገድ ርዝመት ካልሰጠ ኤዲዲኤ በራሱ የሚወስደው ይህን ነው። እሷ የብናኙን መጠን በማይክሮሜትር ሰጥታለች፤ የሌዘሩን 0.65 ማይክሮሜትር ግን አልነገረችውም። ሶፍትዌሩ አሃድ አያውቅም። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ አሃድ እንደመጡለት አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ የ2.5 ማይክሮሜትሩን ብናኝ የ6.28 ማይክሮሜትር ሞገድ ባለው የኢንፍራሬድ ብርሃን አበራለት።

ይህ ምን ያህል ያዛባል? ዋናው ቁጥር የመጠን ልኬት የሚባለው ነው፦ ፓይ ሲባዛ በዲያሜትሩ፣ ሲካፈል ለሞገድ ርዝመቱ። በትክክለኛው ሌዘር 12 ገደማ ይመጣል። በእሷ ስሌት 1.25 ሆኗል። በዚህ ልኬት ላይ ብርሃኑ የብናኙን ጠርዝና ማዕዘን አይለይም፤ ኳስና ስባሪ አንድ መምሰላቸው የሚጠበቅ ነው። የዳይፖሉን ብዛት ካልተነገረው ፕሮግራሙ ከሞገድ ርዝመቱ ተነስቶ ራሱ ስለሚወስን፣ የኳሱ ስሌት ከዳር እስከ ዳር የነበረው 6 ዳይፖል ብቻ ነበር። ትክክለኛው ሞገድ ሲሰጠው ወደ 60 ተጠጋ።

ፕሮግራሙ ስህተት የሚል መልእክት አላወጣም፤ የሚያወጣበት ምክንያትም የለውም። የተጠየቀውን በትክክል መልሷል።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝን። ከማንኛውም ስባሪ በፊት ኳስ በኤዲዲኤ ይሠራል፤ ያው ኳስ የጉስታቭ ሚን መፍትሔ በሚያሰላ ፕሮግራም ይሠራል፤ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ወደፊት አይኬድም።

እኩል መጠን ሲባል

ሁለተኛው ወጥመድ የበለጠ ስውር ነበር። ኤዲዲኤ ላይ መጠን በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንዱ ብናኙ የተቀመጠበት ሳጥን በአንድ አቅጣጫ ያለው ርዝመት ነው። ሌላው የይዘት አቻ ሬዲየስ ነው፤ ማለትም ብናኙ ቢቀልጥና ኳስ ቢሆን የሚኖረው ሬዲየስ።

በመጀመሪያው ከሰጠን ረጅም ስባሪ ያታልለናል። ርዝመቱ 2.5፣ ውፍረቱ ግማሹ የሆነ እንቁላል መሰል ብናኝ፣ 2.5 ዲያሜትር ካለው ኳስ ጋር ሲነጻጸር ይዘቱ ሩብ ብቻ ነው። ያነሰ ብርሃን ቢበትን ማን ይገረማል? ልዩነቱ የቅርጽ መስሎ ይታያል እንጂ የክብደት ነው። እኛ የምንፈልገው ማይክሮግራም ስለሆነ ሁሉንም በይዘት አቻ አደረግን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ፓምፑ ላይ ያለው የመጠን መለያ ብናኝን የሚለየው አየር ውስጥ በሚኖረው አካሄድ ነው። ኤሮዳይናሚክ ዲያሜትር የሚባለው ይሄ ነው፤ ጥግግት አንድ የሆነ የውሃ ጠብታን መለኪያ አድርጎ። ባዛልት ከባድ ነው። ጥግግቱን 2.8 ብንወስድና ለጊዜው ኳስ ነው ብንል፣ ለፓምፑ 2.5 የሆነው ብናኝ ትክክለኛ ዲያሜትሩ 1.5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ብርሃን የሚያየው 1.5ን ነው። ይህን ሳያስተካክሉ ሴንሰርና ፊልተር ማነጻጸር ከጅምሩ የተለያየ ብናኝ ማነጻጸር ነው።

ስባሪውን መሥራት

ቅርጹን ከየት እናምጣው? ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በቅርብ አልነበረም። ተማሪዋ ተራ የላብራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ አቧራውን በስላይድ ዘርግታ ፎቶ አነሳች። ከጥቂት ማይክሮሜትር በላይ ያሉት ጠርዛቸው ይታያል፦ ቀጥ ያለ ጎን፣ ሹል ጥግ፣ አልፎ አልፎ እንደ ሚስማር የቀጠነ። ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ያለው ግን ብዥታ ነው፤ የሚታይ ብርሃን እንዲህ ያለ ደቃቅ ጠርዝ አጥርቶ አያሳይም።

ከፎቶው የርዝመትና የስፋት ንጽጽር ወሰደች። ከዚያ በፓይተን አጭር ስክሪፕት ጻፍን። ስክሪፕቱ ከኩቦች የተሠራ ኳስ ይወስዳል፤ በዘፈቀደ በተመረጡ ጠፍጣፋ ወለሎች ከየአቅጣጫው ይቆርጠዋል፤ በመጨረሻም ይለጥጠዋል። የሚቀረው ባለ ብዙ ጠፍጣፋ ፊት ስባሪ ነው፤ ድንች ሲላጥ እንደሚወጣው። ፋይሉ ምንም ውስብስብነት የለውም። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሦስት ሙሉ ቁጥሮች አሉ፤ የአንድ ዳይፖል ቦታ ነው።

አንድ ስባሪ ብቻውን ምንም አይወክልም። የተለያዩ ብዙ ስባሪዎች ሠርተን አማካያቸውን ያዝን። ይህ ሥራውን አብዝቶታል፤ ግን ያለዚያ ውጤቱ የአንድ ጠጠር ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር።

አቅጣጫ እና መብራት

አየር ውስጥ ያለ ብናኝ ይገለባበጣል። ስለዚህ ስሌቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተሠራ የሚወጣው መስመር በጉብታ የተሞላ ነው፤ አቅጣጫው ትንሽ ሲቀየር ጉብታዎቹ ይሸሻሉ። በብዙ አቅጣጫ አስልቶ አማካይ መውሰድ ግድ ነው። ኤዲዲኤ ይህን ራሱ የሚሠራበት ትዕዛዝ አለው።

ችግሩ መብራት ነበር። ሁሉም አቅጣጫ በአንድ ረጅም ሥራ ከታዘዘ አማካዩ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደና የላፕቶፑ ባትሪ ካለቀ የሌሊቱ ሥራ ገደል ገባ። ስለዚህ አቅጣጫዎቹን በታተንናቸው። እያንዳንዱ አቅጣጫ ራሱን የቻለ አጭር ስሌት፣ የራሱ ፎልደር። አንድ ትንሽ ስክሪፕት ያለቀውን ዘሎ ያልተሠራውን ይቀጥላል። አማካዩን ተማሪዋ በኋላ ራሷ አወጣች። መብራት ሲመጣ የጠፋው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከጥሩ ኮምፒውተር ይልቅ ይህ ስክሪፕት ነው ሥራውን ያዳነው ብል አላጋነንኩም።

ውጤቱ

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ልዩነቱ ታየ። ወደፊት በሚሄደው ብርሃን ላይ ኳስና ስባሪ ብዙም አልተራራቁም። በጎን በኩልና ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ስባሪዎቹ ከኳሱ የበለጠ ብርሃን ላኩ። ቀጥታ ወደ ኋላ በሚመለሰው ላይ ደግሞ ኳሱ በለጠ። የኳሱ መስመር ይወዛወዛል፤ የስባሪዎቹ አማካይ ዝርግ ነው። ይህ መልክ በላብራቶሪ ከተለኩ የማዕድን አቧራዎች ጋር ይሄዳል፤ የአምስተርዳምና የግራናዳ ክፍት የመረጃ ቋት ላይ ማየት ይቻላል።

አሁን አስቡት። ፎቶዳዮዱ ያለው በጎን በኩል ነው። ስባሪ ወደ ጎን የበለጠ ብርሃን ከላከ ሴንሰሩ ብናኙን ከሆነው በላይ ትልቅ አድርጎ ያየዋል። ቁጥሩ መብለጥ ነበረበት። ሜዳ ላይ የታየው ግን ማነስ ነው። ቅርጹ ወደ ተቃራኒው ጎን ነው የሚጎትተው።

ተማሪዋ ይህን ስታይ ተስፋ ቆረጠች። እኔ ግን ሥራው ጥሩ ቦታ ላይ የደረሰው ያኔ ይመስለኛል። የማስተካከያ ቁጥር አላገኘንም፤ አንድ ተጠርጣሪ ግን ነጻ ወጥቷል።

ተቆጣጣሪው ያሉት

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከደሴ ወደ ክሬሸሩ አብሬያት ወረድኩ። ሀረጎን አልፎ ኮምቦልቻ ሲደረስ ጃኬት ይወልቃል። ክሬሸሩ ጋ ሙቀቱም አቧራውም አንድ ላይ ተቀበሉን። የፈረቃ ተቆጣጣሪው በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሴንሰሩ የተሰቀለበትን ምሰሶ ሲያዩት ነው የሚውሉት።

ተማሪዋ «ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ አስቸገረዎት?» አለቻቸው።

«ኧረ ምንም አላስቸገረኝ ልጄ» አሉ። «ግን ሰነፍ ነው። ማሽኑ ሲጮህ ይሠራል። ንፋስ ተነስቶ አቧራው ዓይኔን ሲያጠፋኝ ዝም ይላል።»

ቤት ገብተን የሴንሰሩን መዝገብ ከንፋሱ ሰዓት ጋር አስተያየነው። እውነታቸውን ነው። ንፋስ ሻካራውን አቧራ ከመሬት ሲያነሳ ፊልተሩ ይከብዳል፤ ሴንሰሩ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም።

ምክንያቱ ከብርሃን በፊት ያለው መንገድ ነው። የሴንሰሩ ማራገቢያ ደካማ ነው፤ አየሩ ሌዘሩ ጋ ለመድረስ ውስጥ ላይ ይታጠፋል። ቀላል ብናኝ ከአየሩ ጋር ይታጠፋል። ከባዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ግድግዳ ይመታል፤ ወይም ከመነሻውም መግቢያው ውስጥ አይገባም።

በካርቶን ፈተንነው። ሴንሰሩን ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠን፣ አቧራ በትነን፣ በማራገቢያ አማሰልነውና ማራገቢያውን አጠፋን። ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ 10 ማይክሮሜትር የባዛልት ብናኝ በሴኮንድ ከ0.8 ሴንቲሜትር በላይ ይወርዳል፤ ግማሽ ሜትር ለመውረድ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። አንድ ማይክሮሜትር የሆነው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይንሳፈፋል። ሻካራውን የሚያይ ሴንሰር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቁጥሩ ቁልቁል መውረድ አለበት። የእኛው ሴንሰር የፒኤም 10 ቁጥር ቀስ እያለ ነው የወረደው፤ ልክ እንደ ደቃቁ። ሻካራውን ከመጀመሪያውም አላየውም፤ ያሳየን የነበረው ከደቃቁ ተነስቶ የገመተውን ነው።

ያልተሳካው

ትልልቁን ብናኝ አላሰላንም። 2.5 ማይክሮሜትር ሲሆን 60 ዳይፖል በጎን፣ ሳጥኑ ውስጥ 216,000 ቦታ ነው፤ ላፕቶፕ ይሸከመዋል። ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን የቦታው ብዛት ስምንት እጥፍ ይሆናል። 10 ማይክሮሜትር ላይ ከ13 ሚሊዮን ያልፋል። ራም ይጨርሳል፤ ስሌቱም ወደ መልሱ የሚጠጋው በኤሊ ፍጥነት ነው። ያንን በብዙ ስባሪና በብዙ አቅጣጫ ማባዛት የማይታሰብ ነበር። የዳይፖሉን ብዛት ቀንሶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ተማሪዋም ፈልጋ ነበር። ኳሱ ላይ ስንፈትነው ግን ከጉስታቭ ሚ መፍትሔ ጋር ተለያየ፤ ተውነው። ጥናቱ ስሌቱ እስከ የት መጠን እንደሚደርስ በግልጽ ጽፎ አለፈ።

የባዛልቱን ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስም፣ ማለትም ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚናገረውን ቁጥር፣ አልለካንም። ለሲሊኬት ማዕድን አቧራ የተለመደውን 1.53 አካባቢ ወሰድን፤ ትንሽ ከፍና ዝቅ አድርገንም አየነው። የጎኑ ብርሃን መጠን ተንቀሳቅሷል፤ ስባሪው ከኳሱ መብለጡ ግን አልተለወጠም።

ሌላ ቦታ የሚሠራው

አቧራ ባይሆንም፣ የዱቄት ብናኝ ወይም ጭስ ወይም ደመና ውስጥ ያለ በረዶ ቢሆን፣ በዚህ ዓይነት ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ሎጉን ያንብብ። መጠን፣ የሞገድ ርዝመት፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው የዳይፖል ብዛት። ሦስቱን በወረቀት ላይ በእጅ አስልቶ ከሎጉ ጋር ማስተያየት የሻይ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

የሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ ምናባዊ ክፍል (ብርሃን መምጠጥን የሚገልጸው) ምልክት ላይም ይጠንቀቁ። አንዳንድ ሠንጠረዦች በመቀነስ ምልክት ይጽፉታል፤ ኤዲዲኤ ደግሞ ለሚመጥ ነገር መደመር ነው የሚጠብቀው። ሠንጠረዡን እንዳለ የገለበጠ ሰው ብርሃን የሚመጥ ሳይሆን ብርሃን የሚያመነጭ ድንጋይ ይሠራል። የመምጠጥ ውጤቱ ከዜሮ በታች ከወጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

የተለያየ መጠን ያላቸውን ብናኞች ሲደምሩ መደመር ያለበት እያንዳንዱ የሚበትነው ሙሉ ብርሃን ነው፤ በየመጠኑ ባለው የብናኝ ቁጥር ተባዝቶ። ያለ አሃድ የሚወጡትን የብቃት ቁጥሮች (የተበተነው ለብናኙ የጥላ ስፋት ሲካፈል) እንዲሁ ማማከል ትልቁንና ትንሹን እኩል ያደርጋል።

ሲሙሌሽን ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ስህተቱ ወደ የት እንደሚያዘነብል ይጻፍ፦ መሣሪያው አብዝቷል ወይስ አሳንሷል? ይህ ቀድሞ በወረቀት ላይ ስላለ ነው ተማሪዋ ውጤቷን ወዲያው መዳኘት የቻለችው። ባይጻፍ ኖሮ የቅርጹን ቁጥር ይዛ መስኩ ላይ በግድ ልትለጥፈው ትችል ነበር፤ ማስተካከያውም ስህተቱን ያባብሰው ነበር። ሜዳ ላይ የሚውለውን ሰው መጠየቅም ከዚያው ጋር ይሂድ፤ ተቆጣጣሪውን ቀደም ብለን ብንጠይቃቸው የካርቶኑ ሙከራ ወራት ይቀድም ነበር።

ተማሪዋ በመጨረሻ ፒኤም 10ን ከፊልተሩ ብቻ ዘገበች። ሴንሰሩን ለደቃቁ አቧራ የሰዓት ውሎ ተጠቀመችበት፤ ማሽኑ ሲነሳ፣ ሲቆም፣ ምሳ ሰዓት ላይ። የስባሪ መሥሪያውን ስክሪፕት ደግሞ ከእሷ በኋላ የመጣ ተማሪ ወስዶታል፤ እሱ የሚሠራው የእህል ወፍጮ ብናኝ ላይ ነው።